በደሴና በኮምቦልቻ የተመራቂዎች ሙያ ድጋፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች ያሉ ተማሪዎች፣ ተመራቂዎችና ወላጆች ስለ ሙያ ማዕከልና ስለ ሥራ ፍለጋ በየዓመቱ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

የሙያ ማዕከል የሚባለው ቢሮ ሥራ ያስቀጥራል?

አያስቀጥርም፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ብዙ ቅሬታ ያስቀራል። ቢሮው በአንዱ ግቢ «የሙያ ማበልጸጊያ»፣ በሌላው «የኢንዱስትሪ ትስስር» ይባላል። ስሙ ይለያይ እንጂ ሥራው ተቀራራቢ ነው። አፓረንት (በድርጅት ውስጥ የሚደረግ የተግባር ልምምድ) ለሚወጡ ተማሪዎች የትብብር ደብዳቤ ያዘጋጃል፣ ሲቪና ማመልከቻ አይቶ ያርማል፣ ቃለ መጠይቅ ያለማምዳል፣ ከድርጅቶች የመጣ ማስታወቂያ ወደየዲፓርትመንቱ ያደርሳል። ከምርቃት በኋላም የት እንደደረሳችሁ ይጠይቃል።

አዲስ አበባ ባለ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ቀጣሪው ራሱ ግቢ ድረስ ይመጣል። እዚህ አነስ ባለው ግቢ ይህ እምብዛም የለም፤ ያለው መተዋወቅ ነው። ክፍሉ አርባ ተማሪ ከሆነ፣ ላብራቶሪ ውስጥ የሚያመሸው ማን እንደሆነ መምህሩ ያውቃል። የፋብሪካ ጥገና ኃላፊ ደውሎ «ይህ ልጅ እንዴት ነው?» ቢል መልስ የሚሰጥ ሰው አለ። እንዲህ ያለው መተዋወቅ ግን ጋውን ሊለበስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚፈጠር አይደለም።

መቼ ልሂድ? ጂሲ (ተመራቂ ክፍል) ስሆን አይደርስም?

አይደርስም። የመጨረሻው ዓመት ላይ መውጫ ፈተናው፣ የመመረቂያ ጽሑፉና ክሊራንሱ ተደራርበው ይመጣሉ። ሰኔ ላይ ቢሮው በር ላይ የሚሰለፈው ሁሉ ፊርማ ፈላጊ ስለሆነ፣ ቁጭ ብሎ ሲቪ የሚያይላችሁ ሰው አይኖርም። የመጀመሪያው ጉብኝት ሦስተኛ ዓመት መግቢያ ላይ ቢሆን ይሻላል።

ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ግሬድ ሪፖርታችሁንና «ይህን ሥራ ብሠራ ደስ ይለኛል» የምትሉትን አንድ እውነተኛ የሥራ ማስታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። ማስታወቂያው የሚጠይቀውን ከወሰዳችሁት ኮርስ ጋር መስመር በመስመር ማስተያየት ሃያ ደቂቃ አይፈጅም፤ የጎደለው ወዲያው ይታያል። ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን መሣሪያ ነው፦ ለአካውንቲንግ ኤክሴልና ፒችትሪ፣ ለሲቪል አውቶካድ፣ ለስታቲስቲክስ ኤስፒኤስኤስ። ሁለት ዓመት ቀድሞ የታወቀ ጉድለት በክረምት ይሞላል፤ ምርቃት ሳምንት ላይ ቢታወቅ ግን የሚረባ ነገር የለውም።

የአፓረንት ቦታ እንዴት ይገኛል?

መጀመሪያ ቦታውን ራሳችሁ ምረጡ። ኮምቦልቻ ላይ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ቢራ ፋብሪካው፣ የብረታ ብረት ሥራዎች፣ ደረቅ ወደቡና በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አሉ። ደሴ ላይ ደግሞ ባንኮች፣ ሆስፒታሎች፣ ፍርድ ቤቶች፣ የከተማ አስተዳደሩ መሥሪያ ቤቶችና የሕንፃ ግንባታዎች ይበዛሉ። ከዚያ ማዕከሉ ደብዳቤ ይጽፍላችኋል። ደብዳቤው «ለሚመለከተው ሁሉ» ከሚል ይልቅ በድርጅቱ ስም ተጽፎ ለሰው ሀብት ክፍሉ ቢሄድ ተቀባይነቱ ይበልጣል። የተማሪዎቹ ብዛት፣ የትምህርት ክፍሉ፣ የመግቢያና የመውጫ ቀኑ፣ እንዲሁም እንድትመደቡበት የምትፈልጉት የሥራ ክፍል ይጠቀስበት። ደብዳቤውን በእጃችሁ አድርሱ፣ በመዝገብ ቤት ገቢ ቁጥር አስመዝግቡ፣ ቁጥሩንም ጻፉ። «ደብዳቤያችሁ አልደረሰንም» ሲባል የሚያድናችሁ ያ ቁጥር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጊዜው ነው። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የመንግሥት ፋይናንስ ክፍሎች ሰኔ ላይ ተማሪ መቀበል ይከብዳቸዋል። የአካውንቲንግ ተማሪ ብዙ የሚማረው ግን ሒሳብ ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ ገብቶ ከሠራተኛው ጋር ተላምዶ ሰኔን እዚያው ማሳለፍ የሚቻልበትን መንገድ ከዲፓርትመንቱ ጋር መነጋገር ይጠቅማል። ለሜካኒካል ተማሪም እንዲሁ፣ ማሽን ተፈቶ የሚጠገንበት ሳምንት ከሁለት ወር ጉብኝት ይበልጣል። የጥገና ክፍሉን «ኦቨርሆል መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቤታችሁ ደሴ ሆኖ አፓረንቱ ኮምቦልቻ ከሆነ መንገዱ ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ሚኒባስም አለ። የጠዋት ፈረቃ ከሆነ ግን በየቀኑ መመላለስ በሁለተኛው ሳምንት ያሰለቻል፤ መዘግየቱም በግምገማ ላይ ይወጣል። ለሁለትና ለሦስት ሆኖ ኮምቦልቻ ቤት መከራየት ብዙ ጊዜ ከትራንስፖርቱ ብዙም አይበልጥም። ሴፍቲ ጫማ ፋብሪካው ይሰጣል ብላችሁ አትቁጠሩ፣ ጠይቁ። ሂጃብ ወይም ሻሽ የምታደርጉ ሴቶች ጫፉን ጋውን ውስጥ አስገቡት፤ ክር መፍተያው ሪንግ ፍሬምም ሆነ ዕቃ አመላላሹ ኮንቬየር የተንጠለጠለ ጨርቅ ይስባል።

ሎግ ቡክ (የአፓረንት የዕለት ማስታወሻ ደብተር) ላይ ምን ልጻፍ? «ዛሬ ማሽን አየሁ» ይበቃል?

ብዙዎች የሚጽፉት ይህንኑ ነው፤ ለዚያም ነው ሎግ ቡኩ ተፈርሞ መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው። «ዛሬ የፈትል ክፍልን ጎበኘሁ» የሚል መስመር ከስድስት ወር በኋላ ለራሳችሁም ምንም አይነግራችሁም። በዚሁ ቦታ እንዲህ ቢጻፍ አስቡት፦ «በሪንግ ፍሬም ቁጥር 7 ከ3 እስከ 5 ሰዓት የተበጠሰ ክር ቆጠርኩ፤ 46 ነበር። ትራቭለሩ (ክሩን የሚመራው ትንሽ ቀለበት) ከተቀየረ በኋላ በተመሳሳይ ሁለት ሰዓት 29 ሆነ። ኦፕሬተሯ የአየሩ እርጥበት ሲቀንስ መበጣጠሱ እንደሚጨምር አሳየችኝ።» ቁጥር አለው፣ ምክንያት አለው፣ ከማን እንደተማራችሁም አለው። ይህ አንቀጽ ቃለ መጠይቅ ላይ ለአምስት ደቂቃ የሚያወራችሁ ነው።

የቢሮ ሥራ ላይ ያለ ተማሪም እንዲሁ ያድርግ። ስንት ቫውቸር እንዳስተካከላችሁ፣ የባንክ ማስታረቂያው ላይ ልዩነቱ ስንት ብር እንደነበርና ከምን እንደመጣ ጻፉ። የደንበኛ ስምና የሒሳብ ቁጥር ግን አይጻፍ፤ የተቋሙ ምስጢር ነው።

ሲቪ ስንት ገጽ ይሁን? ምን ይግባበት?

ለአዲስ ተመራቂ አንድ ገጽ፣ ቢበዛ ሁለት። ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የጋብቻ ሁኔታና «ታታሪ፣ ሐቀኛ፣ በቡድን መሥራት የምችል» የሚሉት ቃላት ቦታ ከመያዝ በቀር አይጠቅሙም። በምትኩ የመመረቂያ ሥራችሁን በሁለት መስመር፣ አፓረንቱን በሦስት መስመር፣ የምትችሉትን ሶፍትዌር ምን እንደሠራችሁበት ጨምራችሁ ጻፉ። «ኤክሴል እችላለሁ» ከማለት «የ80 ሠራተኞች የደመወዝ ሊስት በኤክሴል አዘጋጅቻለሁ» ማለት ይሻላል፣ እውነት እስከሆነ ድረስ።

አሁን ብዙ ሰው ሳያውቀው ስለሚጎዳበት ስሕተት እንናገር፤ የዘመን አቆጣጠር ነው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲቪው ላይ «2016» ብሎ ብቻ ሲጽፍ፣ የውጭ ድርጅት ወይም ኮምፒውተር ማጣሪያ በፈረንጅ 2016 የተመረቀና ስምንት ዓመት ሥራ የፈታ ሰው አድርጎ ያነበዋል። በእንግሊዝኛ ሲቪ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ጻፉ፤ ሐምሌ 2016 ማለት ጁላይ 2024 ነው። የትውልድ ቀንም፣ የአፓረንት ወራትም እንደዚሁ በአንድ አቆጣጠር ይሂዱ። ግማሹ በኛ ግማሹ በፈረንጅ ከሆነ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁት ሳትወለዱ ሊመስል ይችላል።

ስልክ ቁጥር ሁለት ይሁን፣ አንዱ የማይጠፋ የቤተሰብ ስልክ። የኢሜይል አድራሻችሁ በስማችሁ ይሁን። የምስክር ሰው ከመጻፋችሁ በፊት አስፈቅዱት፤ ሳያውቅ የተደወለለት መምህር «ማን ነበር?» ማለቱ አይቀርም። ፋይሉን በፒዲኤፍ፣ በሙሉ ስማችሁ ሰይማችሁ ላኩ። ሰርተፍኬትን አልጋ ላይ ዘርግቶ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይቅር፤ ስካነር ባይኖር እንኳ በስልክ ስካን ማድረጊያ መተግበሪያ ጠርዙ ተቆርጦ ነጭና ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

ስሜ በየሰነዱ የተለያየ ነው። ችግር አለው?

አለው፤ ወሎ ላይ በተለይ የተለመደ ነው። መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል አንዱ ሰነድ ላይ በአንድ ኤም፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤም፣ ሦስተኛው ላይ በዩ ወይም በኦ ተጽፎ ይገኛል። ሰይድ፣ ሁሴን፣ ዘይነባ፣ ኃይለማርያምም እንደዚያው ናቸው። የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ ትራንስክሪፕትና ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ላይ ያለው ስም በአንድ ፊደል ቢለያይ፣ ማስረጃው ሲጣራ ወይም የደመወዝ ሒሳብ ሲከፈት ይይዛችኋል።

ማረሚያ ጊዜው ከምርቃት በፊት ነው። ዲግሪው ሳይታተም ሬጅስትራሩ በማመልከቻና በደጋፊ ሰነድ ያስተካክላል፤ ከታተመ በኋላ ግን ጉዳዩ ይረዝማል። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሰነዶቻችሁን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስሙን በፊደል በፊደል አስተያዩ። የአያት ስም መኖር አለመኖሩንም እዩ።

ከምርቃት በኋላ የትኞቹ ሰነዶች ይሰጡኛል? ኮስት ሼሪንጉስ?

ክሊራንስ ስትጨርሱ ቴምፖራሪ ዲግሪና የተማሪ ኮፒ ትራንስክሪፕት ትወስዳላችሁ። ለአብዛኛው የመጀመሪያ ቅጥር እነዚህ ይበቃሉ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ግን በእጅ የሚያዝ አይደለም፤ ሬጅስትራሩ አሽጎ በቀጥታ ለጠየቀው ተቋም ይልከዋል። ዋናው ዲግሪ የሚሰጠው የወጪ መጋራቱ ጉዳይ ሲያልቅ ነው። ክፍያው ሥራ ስትይዙ ከደመወዝ ላይ እየተቆረጠ ለገቢዎች የሚገባ ስለሆነ፣ ቀጣሪው መቁረጡንና ገቢ ማድረጉን በደረሰኝ ተከታተሉ። ተቆርጦ ገቢ ሳይሆን ቢቀር ከዓመታት በኋላ ሲጠየቅ የምትንገላቱት እናንተ ናችሁ።

ከግቢ ሳትወጡ ሁሉንም ስካን አድርጋችሁ ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሰነዱ ቤት ውስጥ ብቻ የነበረ ሰው ምን እንደገጠመው ይህ ከተማ ያውቃል።

የጤና ተመራቂዎች ላይ አንድ ነገር ይጨመራል፦ ዲግሪ ብቻውን ታካሚ አያስነካም። የብቃት ምዘናውን አልፋችሁ የሙያ ሥራ ፈቃድ ማውጣት አለባችሁ።

መውጫ ፈተናውን ባላልፍ ማዕከሉ ምን ያደርግልኛል?

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም በግልም ተቋማት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች መውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ያላለፈ ዲግሪ አይሰጠውም፤ ደግሞ ግን መፈተን ይችላል። ቱቶሪያል የሚያዘጋጀው ዲፓርትመንቱ እንጂ ማዕከሉ አይደለም። ማዕከሉ የሚረዳችሁ የዳግም ፈተና ምዝገባው እንዳያመልጣችሁ በማስታወስና በመካከሉ ጊዜ ዲግሪ የማይጠይቅ ሥራ ወይም ሥልጠና በመጠቆም ነው። ብዙ ልጅ አፍሮ ስልኩን ያጠፋና የምዝገባ ማስታወቂያው ያልፈዋል። በዚህ ማፈር አያስፈልግም፤ ሬጅስትራሩ ጋ የሚሠራ ስልክ ቁጥር ይኑራችሁ።

የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ያላጠናው ሳይሆን የተሳሳተውን ያጠናው ነው። ከቴሌግራም የተለቀመ አሮጌ ጥያቄ ከመሸምደድ፣ ለየትምህርት ክፍሉ የወጣውን የፈተና ዝርዝር ይዞ ከሁለተኛ ዓመት ኮርሶች መጀመር ይሻላል። ፈተናው በኮምፒውተር ስለሆነ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ላብ ገብታችሁ በስክሪን ላይ ተለማመዱ።

ማስታወቂያ የት ይወጣል?

የክልሉ መሥሪያ ቤቶች በበኩር ጋዜጣና በየራሳቸው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የፌዴራሎቹ በአዲስ ዘመን፣ የግሎቹና ባንኮቹ በሪፖርተር፣ በኢትዮጆብስ፣ በሐሁጆብስና በየድርጅቱ የቴሌግራም ገጽ ያወጣሉ። ኮምቦልቻ ያሉ ፋብሪካዎች ግን ዝቅ ያሉ የሥራ መደቦችን ብዙ ጊዜ በር ላይ ለጥፈው ብቻ ይቀጥራሉ። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን በሮቹን መዞር ኢንተርኔት ላይ ከመዋል የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በቀበሌው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሥራ ፈላጊ ተብላችሁ መመዝገብም አትርሱ፤ አንዳንድ ዕድል የሚመጣው ለተመዘገበ ብቻ ነው።

የማመልከቻ ምዝገባው የሚቆጠረው በሥራ ቀን ይሁን በተከታታይ ቀን ማስታወቂያው ላይ አስተውሉ፤ የመጨረሻውን ቀን መጠበቅም አደጋ አለው፤ መብራት ሊጠፋ፣ ኔትወርክ ሊሄድ፣ ኮፒ ቤት ሊዘጋ ይችላል።

የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ላይ ምን ይጠየቃል?

ባንኮች ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና የማገናዘብ ችሎታ ይፈትናሉ። ፋብሪካና ኮንትራክተር ግን ሥራውን ይጠይቃል። አካውንታንት ከሆናችሁ «መነሻ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ስንት ነው?» ብትባሉ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ 700 ብር፣ አሠሪው 11 በመቶ፣ 1,100 ብር ብላችሁ ሳታመነቱ መመለስ አለባችሁ፤ የመነሻ ደመወዝና አበል ሲለያዩ ጡረታው የሚሰላው ከመነሻ ደመወዙ እንደሆነም ጨምሩ። ሲቪል ከሆናችሁ ስለ ሲ-25 ኮንክሪት ትጠየቃላችሁ። በተለምዶ 1፡2፡3 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) ተብሎ በአንድ ሜትር ኪዩብ 360 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ይያዛል፤ በ50 ኪሎ ከረጢት ሰባት ከረጢትና 10 ኪሎ ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ተመራቂ ሳይት ላይ የቆመ መሆኑ ያስታውቃል።

«ስለ ራስህ ንገረን» ሲባል ከትውልድ መንደር አትጀምሩ። ምን እንደተማራችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የሠራችሁትን አንድ ተጨባጭ ነገር በሦስት፣ ለምን እዚህ እንዳመለከታችሁ በአንድ ተናገሩ፤ ከደቂቃ ተኩል አይብለጥ። በማዕከሉ ልምምድ ላይ ስልካችሁን ከፊት አቁማችሁ ቅዱት። ድምፅ የሚወርድበትን፣ እጅ የሚወራጭበትን፣ እንግሊዝኛው ሲያልቅ ዝም የሚባልበትን ቦታ ሰው ከሚነግራችሁ ይልቅ ራሳችሁ ስታዩት ታርሙታላችሁ።

ሰዓቱንም አጣሩ። «3፡00» የሚል መልእክት ከአገር ውስጥ ድርጅት ከመጣ የጠዋቱ ሦስት ነው፤ ከውጭ ድርጅት ከመጣ ግን የከሰዓት ዘጠኝ ሊሆን ይችላል። ደውሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

ዋስ አምጡ ይሉናል። ዋስ ከሌለኝስ?

ገንዘብ ወይም ንብረት የሚያስይዝ ሥራ፣ ለምሳሌ የባንክ፣ የካሸርና የንብረት ክፍል ሥራ፣ ዋስ ይጠይቃል። ዋሱ ቋሚ ሠራተኛ ሆኖ የደመወዙን መጠን የሚገልጽና ተጠያቂነቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ያመጣል። አንድ ሰው ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ስለሚዋስ፣ ለታላቅ ወንድማችሁ የተዋሱት አጎትም ለእናንተ ላይደርሱ ይችላሉ።

ማዕከሉ ዋስ አይሆንም፣ ሊሆንም አይችልም። ስለዚህ ፈተናውን ካለፋችሁ በኋላ ሳይሆን ከማመልከታችሁ በፊት ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩ። ከገጠር የመጡና ደመወዝተኛ ዘመድ የሌላቸው ልጆች ፈተና አልፈው በዋስ ምክንያት ሲቀሩ ማየት ያሳዝናል። ይህ ከሆነ ለሰው ሀብት ክፍሉ አማራጭ እንዳለ በግልጽ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ቦታ ገንዘብ የማያስይዝ መደብ ላይ ይመድባል።

ጂፒኤዬ ዝቅተኛ ነው። ተስፋ አለኝ?

በነጥብ የሚያጣራ ቦታ ላይ በሩ ዝግ ነው፤ ይህን ማለባበስ አይገባም። ማስታወቂያው 2.75 ወይም 3.00 ካለ ከዚያ በታች ያለ ማመልከቻ አይታይም፤ እዚያ ላይ ጊዜ አታባክኑ። ነጥብ የማይጠይቁ ግን አሉ። ኮንትራክተሮች፣ መካከለኛ ፋብሪካዎች፣ ጋራዦች፣ የግል ትምህርት ቤቶችና ሆቴሎች የሚያዩት ምን መሥራት እንደምትችሉ ነው። እዚያ የሠራችሁትን ነገር አሳዩ፦ የሣላችሁትን ፕላን፣ ያዘጋጃችሁትን የሒሳብ መዝገብ፣ የጠገናችሁትን ሞተር ፎቶ። ሲቪው ላይ ነጥባችሁን አለመጻፍ ይቻላል፤ ውሸት መጻፍ ግን ትራንስክሪፕቱ ሲመጣ ያዋርዳል።

ሥራ ተገኘ፤ ግን ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ውሉም «ሙከራ» ይላል። ልቀበል?

ውሉን አንብቡ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መስማማት የሚጠይቅ ሲሆን ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። «ስድስት ወር ሙከራ» የሚል ቀጣሪ ካጋጠማችሁ አዋጁን አስታውሱት። ስትለቁ ወይም ስትጠይቁ የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ።

የደመወዙን ነገር በወረቀት አስሉት፦ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ተቀናሽ። ተርፎ ምንም ካልቀረ የሚቀራችሁ ልምድ ነው፤ ስለዚህ ልምዱ የሚቆጠር መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ማስታወቂያ ከግል ድርጅት የሚመጣ ልምድ ግብር የተከፈለበት ይሁን ይላል። ከደመወዛችሁ ግብር የማይቆርጥ ቀጣሪ ዛሬ የጠቀማችሁ ቢመስልም የነገውን የልምድ ደብዳቤ ዋጋ ያሳጣዋል። አፓረንትም «ከምረቃ በኋላ» ለሚል ማስታወቂያ ልምድ ሆኖ አይቆጠርም። እንደኔ ግምት፣ ሙያችሁ ላይ የሚያውላችሁ፣ ግብር የሚቆርጥና በዓመቱ ደብዳቤ የሚጽፍ ቦታ ደመወዙ ቢያንስም ለአንድ ዓመት ይያዛል። ኢንጂነር ብሎ ቀጥሮ ጥበቃ መዝገብ ላይ የሚያስቀምጥ ግን አይያዝ።

«ገንዘብ ክፈሉና እናስቀጥራችሁ» የሚሉ አሉ። እውነት ይሆን?

አይደለም። ለፎርም፣ ለሥልጠና፣ ለዩኒፎርም ወይም «ለማስፈጸሚያ» ብሎ ከቅጥር በፊት ገንዘብ የሚጠይቅ ማንም ሰው ላይ ጀርባችሁን አዙሩ። የታወቀ ድርጅት ስምና አርማ ለጥፎ በግል ቴሌብር ቁጥር ክፈሉ የሚል መልእክት ከደረሳችሁ ስክሪኑን አንስታችሁ ለማዕከሉ አሳዩ፤ ማዕከሉ ድርጅቱ ጋ ደውሎ ማጣራት ይችላል፣ ሌላውንም ያስጠነቅቃል።

የውጭ አገሩ ከዚህ ይብሳል። ታይላንድ የኮምፒውተር ሥራ አለ ተብለው የሄዱ ኢትዮጵያውያን ማይናማር ውስጥ በማጭበርበሪያ ካምፖች ታግተው በግዳጅ ሠርተዋል። የተማረና እንግሊዝኛ የሚችል ወጣት ነው የሚፈለገው፣ ማለትም እናንተ። የኤጀንሲውን ፈቃድ በሥራና ክህሎት መዋቅር ሳታጣሩ ፓስፖርታችሁን ለማንም አትስጡ።

ያለ ዘመድ ሥራ አይገኝም ይባላል። ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

ዘመድ የሚሠራበት ቦታ መኖሩን የሚክድ ሰው የለም፤ በዚህ የተቆጣ ተመራቂም ቁጣው ትክክል ነው። ግን ሁለት ነገር ይለይ። ፈተና ያላለፈን ሰው በስልክ ማስገባት አድልዎ ነው፤ በመንግሥት ቅጥር ከሆነ ውጤቱ እንደተለጠፈ በቅሬታ ቀኑ ውስጥ በጽሑፍ አቤት ይባላል። ቀኑ ጥቂት ስለሆነ ውጤት በሚወጣበት ሳምንት ከከተማ አትራቁ፤ የማመልከቻችሁን ኮፒና የምዝገባ ቁጥር ያዙ። የቃል ስሞታ የትም አይደርስም።

የአፓረንት ኃላፊያችሁ «ይህችን ልጅ ሦስት ወር አይቻታለሁ፣ ማሽን አትፈራም» ብሎ ለሌላ ፋብሪካ ሲናገር ግን አድልዎ አይደለም፤ ያየውን መመስከሩ ነው። ኮምቦልቻ ጠባብ ከተማ ናት፤ የጥገና ኃላፊዎቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ዘመድ የሌለው ልጅ ሊያገኘው የሚችለው ምስክር ይህ ነው፤ የሚገኘውም በሰዓቱ በመግባት፣ በመጠየቅና ዘይት በመንካት ነው። አፓረንቱ ሲያልቅ ሄዳችሁ አመስግኑ፣ ስልክ ተለዋወጡ፣ ለበዓልም ደውሉ።

የራሴን ሥራ ልጀምር ብል ማዕከሉ ይረዳኛል?

በዕቅድ አዘገጃጀት ይረዳል፤ ገንዘብ ግን የለውም። መደራጀትና የመሥሪያ ቦታ ጥያቄ በቀበሌና በክፍለ ከተማ የአንድ ማዕከል አገልግሎት፣ ብድር ደግሞ በፀደይ ባንክና በሌሎች ባንኮች በኩል ያልፋል። ዕቅዱ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ገበያው ላይ ነው። «ዶሮ አረባለሁ» ከማለታችሁ በፊት መኖ ከየት እንደሚመጣ፣ በኩንታል ስንት እንደሆነና እንቁላሉን ደሴ ላይ የትኛው ሆቴል ወይም ሱቅ በሳምንት ስንት እንደሚወስድ ሦስት ቦታ ጠይቃችሁ ጻፉ። የተደራጃችሁት ስለተዋወቃችሁ ብቻ ከሆነ ገንዘቡ ሲገባ ትለያያላችሁ፤ ማን ምን እንደሚሠራና ማን ቢወጣ ምን እንደሚሆን ከብድሩ በፊት በጽሑፍ ይሁን።

ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። አሁንም መምጣት እችላለሁ?

መምጣት ትችላላችሁ። ማዕከሉ የተመራቂ ክትትል ስለሚያደርግ መምጣታችሁ ለእርሱም መረጃ ነው። ስትመጡ ያመለከታችሁባቸውን ቦታዎች በዝርዝር ይዛችሁ ኑ፦ የት፣ መቼ፣ እስከ የት ደረሰ። ሃያ ቦታ አመልክታችሁ አንድም ጥሪ ካልመጣ ችግሩ ሲቪው ወይም የመረጣችሁት መደብ ላይ ነው። ለፈተና እየተጠራችሁ የምትቀሩ ከሆነ ዝግጅቱ ላይ፣ ቃለ መጠይቅ ደርሳችሁ የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ አነጋገሩ ላይ ነው። በመካከሉ የሠራችሁትንም አትደብቁ። ሁለት ዓመት የአባትን ሱቅ የያዘ ልጅ ዕቃ ቆጥሯል፣ ዱቤ ሰብስቧል፣ አቅራቢ ተደራድሯል፤ ሲቪው ላይ ይህ በቁጥር ይጻፋል እንጂ ባዶ ቦታ ሆኖ አይቀርም።